ስለ ስክሪፕትና ስለ ማጀቢያ ሙዚቃ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ (ሰሜን ሸዋ ላይ ፊልም ለምትሰሩ ልጆች)

ደብረ ብርሃን ሆኜ አጫጭር ፊልም እሰራለሁ፣ የጀማሪ ልጆችን ስክሪፕትም አነባለሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋሮቢት፣ ከእነዋሪ፣ ከአረርቲ እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ አይነት እየሆነ ስለመጣ በቃ እዚ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ቅደም ተከተሉን አልተጨነኩበትም፣ እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ታሪክ ነው የምጠቀመው፣ አሁን ራሴ እየሰራሁት ያለሁትን፦ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት አለች፣ ልጇ የደሴ መስመር አውቶብስ ላይ ረዳት ነው፣ ተኳርፈዋል። አውቶብሱ ጣርማበርን ከመውጣቱ በፊት እዛ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ቆሎ ይገዛል፣ ልጁ አይወርድም።

ሀሳብ አለኝ ግን ስክሪፕቱን ከምን ልጀምር? ከሎግላይን (ታሪኩን ባጭሩ ከሚናገረው) ነው ከካራክተር?

ሀሳብ አለኝ የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ግዜ የሚነግረኝ ርዕስ ነው። "ስለ ስደት ነው"፣ "ስለ ሱስ ነው" ይለኛል። ስደት ብቻውን ፊልም አይሆንም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ሌላ ሰው ወይ የገዛ ጠባዩ ሲከለክለው ነው ፊልም የሚሆነው። የኔዋ እናት ምንድነው የምትፈልገው? ልጇ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ እንዲላት አይደለም፣ ከአውቶብሱ ወርዶ ቆሎዋን እንዲቀምስላት ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ናት ግን በካሜራ ትታያለች። "ፍቅር ትፈልጋለች" ብዬ ብጽፍ ምኑን ነው የምቀርጸው?

የተኳረፉት ደግሞ የአባቱን በሬ ሳታማክረው ስለሸጠች ነው፣ የሸጠችው ለታናሽ እህቱ ህክምና ነው። እሱም እውነት አለው እሷም እውነት አላት። አንደኛው ብቻ እውነት ካለው ስክሪፕቱ ስብከት ይሆናል፣ ተመልካች ደግሞ ስብከት ከመጣ በአምስተኛው ደቂቃ ያውቀዋል።

ሎግላይኑን ከዚህ በኋላ በሁለት አረፍተ ነገር ጻፉት፣ ከዛ ቡና እየተጠጣ ለጎረቤት ንገሩ። ሲኒማ ለማያውቅ ሰው ይሁን። "እና ከዛስ?" ካሏችሁ ታሪክ አላችሁ፣ "ጥሩ ነው በርቱ" ካሏችሁ ገና ናችሁ።

ታሪኩን በማን አይን ልንገረው?

ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ከሁሉም በላይ መጠየቅ የነበረበት ግን ይሄ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድራፍቶች የጻፍኩት ከልጁ ጋ አውቶብስ ውስጥ ሆኜ ነው። ጣርማበር ዋሻ፣ ጉም፣ ሸዋሮቢት ሙቀቱ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሁሉም አለ። ሳነበው የመንገድ ፊልም ሆኖብኛል፣ እናትየው በመስኮት አልፋ ትታያለች እንጂ የለችም። ሶስተኛው ላይ ካሜራውን ከእሷ ጋ መንገድ ዳር አስቀመጥኩት፣ አሁን አውቶብሱ ነው መጥቶ የሚሄደው እሷ አትንቀሳቀስም፣ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እዚጋ አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ከልጁ ጋ ስንሆን ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በፍላሽ ዘፈን ያጫውታል፣ ስለዚ ፊልሙ ሙሉ ሙዚቃ ነበር። ከእናትየው ጋ ስንሆን ግን ሙዚቃ የሚመጣው አውቶብሱ ሲቆም በሩ ሲከፈት ብቻ ነው፣ በሩ ሲዘጋ ይቋረጣል። የአይን ምርጫው የሙዚቃ ምርጫም ሆነ ማለት ነው። ለዛ ነው ስክሪፕትና ማጀቢያ ሙዚቃን እዚ አንድ ገጽ ላይ የማወራቸው፣ ሙዚቃው የሚወለደው ስክሪፕቱ ላይ ነው ብዬ ስለማምን።

ዲያሎጌ ለምንድነው የሚደርቀው? የቲቪ ድራማ ይመስላል።

ሰዎቻችሁ የሚያስቡትን በሙሉ ስለሚናገሩ ነው። የኛ ሀገር ሰው ደግሞ እንደዛ አይናገርም፣ ሸዋ ላይማ ጭራሽ። አኩራፊ ሰው "አኩርፌብሃለሁ" አይልም፣ ሰላምታውን ያሳጥራል።

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የማያገኘው ትልቅ ሀብት አማርኛ ላይ አለ፦ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ብዙ ስክሪፕት ላይ ይሄ ዝም ብሎ ተበትኖ ነው የማገኘው፣ አንዱ ሲን (ትዕይንት) ላይ አባቱን አንተ ይላል፣ ቀጣዩ ላይ እርስዎ ይላል፣ ጸሐፊው ራሱ አላስተዋለም። እኔ ግን አንዱን ሲን በዚህ ብቻ ነው የተሸከምኩት። ሹፌሩ ልጁን "ውረድና ቆሎ ግዛልኝ" ይለዋል፣ ሌላ ሻጭ በአጠገቡ የለም፣ ይወርዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንቺ የሚላትን እናቱን ፊቷን ሳያይ "ስንት ነው የሚሸጡት?" ይላታል። በአንድ ቃል እንግዳ አደረጋት። ሲነበብ እህቴ ነበረች ያለችው፣ "እንዴት ጨከነ" አለች፣ ምንም አልሰደባትም እኮ፣ አክብሮት ነው የጎዳት።

እሷ ምን ትበል የሚለው ሳምንት ፈጀብኝ። "እናትህ ነኝ እኮ" አስብያት ነበር፣ አጠፋሁት። አሁን ያለው "ለልጅ በእፍኝ፣ ለእንግዳ በስፍር ነው" የሚል ነው፣ ስፍሩን አንስታ እየሞላች። ሹፌሩ ቢሰማው ስለ ዋጋ ነው፣ ልጁ ግን ወርቁን ይሰማዋል። ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የእናቶቻችን የእለት ንግግር ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፣ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ።

አንድ ነገር አደራ፣ የገጠር ሰው ስትጽፉ አነጋገሩን እያጣመማችሁ ተመልካች እንዲስቅበት አታርጉት። የመንዝ ገበሬ ሞኝ አይደለም፣ ስለ አፈር ስለ ደመና ስለ ህግ ሲያወራ ብትሰሙት እናንተ ናችሁ የምታፍሩት። ቃላቱን ጻፉ፣ ቅላጼውን ለአክተሩ ተዉለት።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ሚባለው እውነት ነው?

ለኛ በደንብ አይሰራም። ልማዱ የመጣው ከአሜሪካ የስክሪፕት አጻጻፍ ነው፣ ኩሪየር በሚባለው ፎንት በ12 መጠን ተጽፎ። የግዕዝ ፊደል ሌላ ስፋት አለው፣ ፎንታችሁም ይለያያል፣ አማርኛ ደግሞ አንድ ቃል ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም ጨምሮ ስለሚይዝ ገጹ ቶሎ አይሞላም። ስልካችሁ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ ከፍታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ዝምታውንም ዝም በሉት፣ እርምጃውንም ተራመዱት። ለሙዚቃ ሰሪውም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ጓሳ፣ አንኮበር፣ ጣርማበር እንዲታይ እፈልጋለሁ፣ እንዴት ላስገባው?

ታሪኩ እዛ ከወሰዳችሁ ይግባ፣ ካልወሰዳችሁ አታስገቡት። ጭላዳ ዝንጀሮና የጓሳ ሜዳ በድሮን አንስቶ ከታች ዋሽንት መልቀቅ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። ጣርማበር ላይ የምትቀርጹ ደግሞ ሲኑን ጉም ቢኖርም ባይኖርም እንዲሰራ አርጋችሁ ጻፉት፣ ጉሙ በግማሽ ሰዓት ይመጣል ይሄዳል፣ ኮንቲኒዩቲ (ሾቶቹ እርስ በርስ መግጠማቸው) የሚባል ነገር አይኖራችሁም።

ስክሪፕቱ ላይ ሙዚቃ መጻፍ አለብኝ ወይስ የኮምፖዘሩ (የሙዚቃ ሰሪው) ስራ ነው?

"አሳዛኝ ሙዚቃ ይገባል" ብላችሁ አትጻፉ። የዘፈን ስምም አትጻፉ፣ ኋላ መብቱን ካላገኛችሁ ሲኑ ይፈርሳል። የምትጽፉት ድምጽ ነው። የእኔው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ "አውቶብሱ ይሄዳል። የሞተሩ ድምጽ ዳገቱ ላይ ረጅም ግዜ ይሰማል። ቆሎው ሰፌዱ ላይ።" ቆሎው ሰፌድ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማው ድምጽ ለሙዚቃ ሰሪው የመጀመሪያ ሀሳብ የሰጠው እሱ ነው፣ ጸናጽል ይመስላል አለኝ።

ከዛ ሌላ፣ ሙዚቃ የማይገባበትንም ምልክት አርጉ። እኔ ህዳጉ ላይ "ባዶ" ብዬ እጽፋለሁ። ሰው የሚፈራው ባዶውን ነው፣ ተመልካች ይሰለቻል ብሎ ይፈራል፣ ስለዚ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኪቦርድ ያነጥፍበታል። ሁሉም ቦታ ሙዚቃ ካለ ደግሞ የትም ቦታ የለም ማለት ነው፣ ጆሮ ይለምደዋል።

ኮምፖዘሩን መቼ ነው መጥራት ያለብኝ?

ሁለተኛው ድራፍት ሲያልቅ፣ ከቀረጻ በፊት። በቃ።

አውቃለሁ፣ የተለመደው እንደዚ አይደለም። የተለመደው ኤዲቲንጉ ያልቃል፣ ምርቃቱ አስር ቀን ይቀረዋል፣ ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ያኔ ሃርድ ዲስክ ይዞ ኪቦርድ ያለበት ስቱዲዮ መሮጥ ነው። የመጀመሪያ ፊልሜን እኔም እንደዛ ነው የሰራሁት። አስራ ስምንት ደቂቃ ነበር፣ ሰውዬው በሁለት ሌሊት ጨረሰልኝ፣ አልወቅሰውም፣ ግዜ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። አባትየው መናኸሪያ ቆሞ ልጁን የሚሸኝበት ሲን ላይ በኪቦርድ ክራር ትዝታ ገባ። አዳራሹ አለቀሰ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ቤቴ ገብቼ ድምጹን አጥፍቼ ሳየው ግን አክተሩ የሰራው ነገር ከሙዚቃው የበለጠ ነበር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ሳንቲሙ ይሰማ ነበር በቀረጻው ላይ፣ እኛ ሸፈንነው። ሰዉ ያለቀሰው ለትዝታ ነው፣ ለዛ አባት አይደለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። ፊልማችሁ ውስጥ ሰው ማሲንቆ የሚመታ ወይ የሚዘፍን ከሆነ ሙዚቃው ከቀረጻ በፊት አልቆ ተቀርጾ ፊልሙ የሚቀረጽበት ቦታ ላይ መለቀቅ አለበት፣ አለዚያ እጁና ድምጹ አይገጥምም። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ሽለላ ያለበት ሲን ሁሉ እንደዛ ነው።

እንዴት ነው የምመርጠው? ጎበዝ አሬንጀር አውቃለሁ፣ እሱ ይሆናል?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ዘፈን ማቀናበርና ለፊልም መስራት ይለያያል። ዘፈን ራሱን ችሎ ይቆማል፣ መግቢያ አለው አዝማች አለው፣ ሰው እሱን እንዲሰማ ነው የሚሰራው። የፊልም ሙዚቃ ከሰው ፊት ጀርባ መቆም አለበት፣ አንዳንዴ አራት ኖታ ብቻ ሆኖ መጥፋት አለበት። ጎበዝ አሬንጀር ብዙ ግዜ ዝም ማለት ያቅተዋል፣ ድራም ካልገባ ያላለቀ ይመስለዋል።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ስክሪፕቱን እሰጠዋለሁ፣ ሲኖፕሲስ (ማጠቃለያ) አይደለም ሙሉውን። ካነበበ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ አዳምጣለሁ። "ስንት ትራክ ነው የሚፈለገው?" ካለኝ ነጋዴ ነው፣ ክፉ አይደለም ግን ለሌላ ስራ ይሁነኝ። "በሬውን ለምንድነው ሳትነግረው የሸጠችው?" ካለኝ አብረን እንቀመጣለን። ከዛ እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ የትኛው ሲን ላይ ነው ሙዚቃ የማትፈልገው? እዚህ ላይ መልስ ያለው ሰው ፊልም ገብቶታል።

ቀጥሎ የሁለት ደቂቃ ሲን ያለ ሙዚቃ እሰጠውና ሁለት አይነት አርጎ እንዲሰራልኝ እጠይቃለሁ፣ አንዱ እናትየውን ተከትሎ፣ አንዱ ልጁን ተከትሎ። ለዚህ ትንሽም ብትሆን ክፈሉት። ሙከራ ነው ብሎ ሰውን በነጻ ማሰራት ነውር ነው፣ ሀገራችን ላይ ሙዚቀኛ የሚጎዳው እንደዚ ነው።

ስም አትከተሉ። ስም ያለው ሰው ፖስተር ላይ ያምራል፣ ግን የእናንተን ፊልም ከአስራ ሁለት ስራው መሀል አድርጎ ነው የሚሰራው። የጥምረት ጥሩ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ኃይሌ ገሪማ በ2008 (እኤአ፣ ከታች ያሉት የፊልም አመቶችም እንደዚሁ) ባወጣው ጤዛ ላይ ሙዚቃውን ለጆርጋ መስፍንና ለቪጃይ አየር ነው የሰጠው፣ አንደኛው የኛው ሳክስፎኒስት፣ ሌላኛው አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች። የፊልሙ ሰው ራሱ ውጭ ተምሮ ሀገሩ የተመለሰ፣ በሁለት አለም መሀል የቆመ ነው። የሙዚቀኞቹ ምርጫ ከታሪኩ የወጣ ነው ማለት ይሄ ነው። ፊልሙ በ2009 ፌስፓኮ (ቡርኪና ፋሶ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል) ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል።

ሌላው መንገድ ደግሞ ኮምፖዘር ሳይቀጥሩ የተሰራ ሙዚቃ መብት ገዝቶ መጠቀም ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ብሮክን ፍላወርስ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ስራዎች የተጠቀመው እንደዛ ነው፣ ሙዚቃው የተቀረጸው ፊልሙ ከመታሰቡ ከብዙ አመት በፊት ነው። ጥሩ ጆሮ ላለው ዳይሬክተር ይሰራል። ግን ሙዚቃው ለሲናችሁ አያጥርም አይረዝምም፣ እናንተ ናችሁ ኤዲቱን ለሱ የምታስተካክሉት።

የትኛው ቅኝት ለየትኛው ሲን ይሆናል?

እንዲህ አይነት ሰንጠረዥ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፣ የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱም በአምስት ድምጽ ነው የሚሰሩት፣ ልዩነቱ በድምጾቹ መሀል ያለው ርቀት ነው። ሀዘን ሁሉ ትዝታ፣ የገጠር ነገር ሁሉ ዋሽንት የሚለው ልማድ ግን ስንፍና ነው። ትዝታ ሲጀመር ሰው የራሱን ሟች፣ የራሱን ፍቅር ነው የሚያስበው፣ ከእናንተ ፊልም ይወጣል። አንዳንዴ ያ የምትፈልጉት ሊሆን ይችላል፣ ግን አውቃችሁ አርጉት።

እኛ ቆሎ ሻጯ ላይ አንቺሆዬ ነው የሞከርነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ያልተቋጨ ነገር ይተዋል፣ ኩርፊያ ይመስላል። ማሲንቆ ብቻውን። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው እንደ ሰው ጉሮሮ ነው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማል።

በገናን ደግሞ በጥንቃቄ። አስር አውታር ያለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት መሳሪያ ነው። ሚስጥራዊ ድምጽ ስላለው ብቻ ግድያ ሲን ስር የሚከቱ አሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ያሉ እናቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። ቀረርቶና ሽለላም እንደዛው፣ የሚወጣበት ቦታ አለው።

በጀት የለኝም፣ በኪቦርድ ብቻ ብሰራውስ?

ኪቦርድ ጠላት አይደለም፣ የምቃወመው ኪቦርድ ላይ ያለ የውሸት ኦርኬስትራ ነው። ሃምሳ ቫዮሊን ከሚያስመስል ሳምፕል አንድ እውነተኛ ክራር ይሻላል። ጠጅ ቤት የሚመታ አዝማሪ ከተማችሁ ውስጥ አለ፣ በክብር ጠይቁት፣ ክፈሉት፣ ስሙን ክሬዲት ላይ ጻፉ።

ቀረጻው ላይ ግን ደብረ ብርሃን አስቸጋሪ ናት። 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ ንፋስ አለ፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮው ያንን ሁሉ ዝናብ ያሰማል። እኛ የምናደርገው ክፍሉን ግድግዳውን በሙሉ በብርድ ልብስ መሸፈን ነው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ላይ ይሄ አይጠፋም፣ የመንዝ ባና ካገኛችሁ ደግሞ ከስፖንጅ ይበልጣል፣ ወፍራም ሱፍ ስለሆነ ማሚቶውን ይውጠዋል። ሌሊት ቅረጹ፣ መኪና ሲቀንስ። ማሲንቆው ከውጭ ብርድ ገብቶ ወዲያው አይቀረጽ፣ ጭራው በእርጥበትና በሙቀት ይለዋወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ክፍሉን ይልመድ ከዛ ቃኙት፣ በየመሀሉም ደግማችሁ ቃኙት። ፋይሉን በ48 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት አርጉት፣ ለቪዲዮ የሚሆነው እሱ ነው፣ የምትቀርጹት በ25 ፍሬም ከሆነ ለሙዚቃ ሰሪውም ንገሩት።

ኤዲተሩ የሌላ ፊልም ሙዚቃ አስገብቶ ቆረጠው፣ ችግር አለው?

ቴምፕ ትራክ ማለት ነው፣ ችግር አለው። ኤዲት ለማድረግ ይረዳል፣ ግን አስር ግዜ ስታዩት ትወዱታላችሁ፣ ከዛ ሙዚቃ ሰሪው ምንም ቢያመጣ ያንን አይመስልም። ስታንሊ ኩብሪክ እንኳን በ1968 በወጣው የጠፈር ፊልሙ ላይ አሌክስ ኖርዝ የሚባለውን ኮምፖዘር ሙዚቃ አሰርቶት ሲያበቃ፣ ቀድሞ የተሰሩ ክላሲካል ስራዎችን ነው ያስቀረው። ሰውዬው ያወቀው ፊልሙን ሲያይ ነው። ፊልሙ ድንቅ ሆነ፣ እኔ ግን ስለ ሰውዬው ሳስብ ደረቴ ይጨንቀኛል። ኤዲተራችሁ ሪትም ከፈለገ ከበሮ ብቻ ያስገባ፣ ለኮምፖዘሩ ስትልኩ ደግሞ አጥፍታችሁ ላኩ።

ስፖቲንግ ምንድነው?

ኤዲቱ ካለቀ (ከዚህ በኋላ አንድ ፍሬም አይነካም ከተባለ) በኋላ ከሙዚቃ ሰሪው ጋ ቁጭ ብላችሁ ፊልሙን እያቆማችሁ ማየት ነው፦ የት ይገባል፣ የት ይወጣል፣ ለምን። "ለምን" ያልተጻፈበት ሙዚቃ ይሰረዛል። የመጨረሻውን ፋይል ደግሞ መሳሪያዎቹን ለየብቻ አርጎ ይስጣችሁ፣ ሚክስ ላይ ዲያሎግ ሲሸፈን ማሲንቆውን ብቻ ዝቅ ማድረግ እንድትችሉ።

ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁትን የድሮ ዘፈን ብጠቀምስ? ስክሪፕቴንስ ሰው ቢሰርቀኝ?

ዩቲዩብ ላይ መኖሩ ነጻ አያደርገውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የደራሲው የገንዘብ መብት በህይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 አመት ይቆያል። ግጥምና ዜማው የደራሲዎቹ መብት ነው፣ ድምጹን ያስቀረጸው ሌላ መብት አለው፣ ዘፋኙም እንደዚሁ። "የህዝብ ዜማ ነው" ብትሉ እንኳን ዜማው የህዝብ ቢሆን ያቺ ቅጂ የሆነ ሰው ናት። ራሳችሁ አዲስ አስመትታችሁ ቅረጹ።

ስክሪፕታችሁ ጽፋችሁ ስታስቀምጡት ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ ሀሳቡ ሳይሆን የተጻፈው። አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ጋ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ክርክር ሲመጣ ግን ማስረጃ ነው፣ ስለዚ አስመዝግቡ።

ከሙዚቃ ሰሪው ጋ በጽሁፍ ተዋዋሉ፣ ጓደኛችሁም ቢሆን፣ በተለይ ጓደኛችሁ ከሆነ። ስንት ይከፈላል፣ በስንት ዙር፣ ስንት ግዜ ማስተካከያ ይጠየቃል፣ ሙዚቃውን ለብቻው መልቀቅ የሚችለው ማነው፣ ፊልሙ ዩቲዩብ ወይ ቴሌቪዥን ላይ ሲሄድስ። ሁለት ገጽ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ሰላምታ ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሙዚቃ አልተማርኩም፣ ያልወደድኩትን እንዴት ልንገረው?

"ደስ አላለኝም" አትበሉት፣ "ትንሽ ሞቅ አርገው"ም አትበሉት። ስለ ሰዎቹ አውሩ። እኔ አንዴ "እዚጋ ሙዚቃው ለእሷ እያዘነላት ነው፣ እሷ ግን እንዲታዘንላት አትፈልግም" አልኩት፣ ከዛ በላይ ማብራሪያ አልጠየቀኝም፣ ግማሹን ኖታ አውጥቶ መጣ። የሙዚቃ ቃል ካላወቃችሁ አትዋሱ፣ እሱ ራሱ ወደ ኖታ ይቀይረዋል።

አንዳንዴም ትክክሉ እሱ ሊሆን ይችላል። ሂችኮክ በ1960 ሳይኮ ላይ ያንን የመታጠቢያ ቤት ሲን ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው፣ በርናርድ ኸርማን ግን በባለ አውታር መሳሪያዎች ብቻ ጽፎ አምጥቶ አሰማው፣ ሂችኮክም ሲሰማ ሀሳቡን ቀየረ። ስለዚ "አይሆንም" ከማለታችሁ በፊት አንዴ ከምስሉ ጋ እዩት።

የመጨረሻው ሲን ላይ ሙዚቃ ይግባ?

ይሄን እኔም ከሙዚቃ ሰሪዬ ጋ ሶስት ሳምንት ተከራክሬበታለሁ። የእኛ መጨረሻ እንዲህ ነው፦ አውቶብሱ ይቆማል፣ ማንም ሳይልከው ልጁ ይወርዳል፣ ብር ያወጣል። እናትየው ስፍሩን አንስታ ትሞላለች፣ ወረቀቱ ላይ ትገለብጣለች፣ ትሰጠዋለች። እሱ አይሄድም፣ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ "ጨምሪልኝ" ይላታል።

እኔ እዛጋ ማሲንቆው እንዲመለስ ነበር የፈለኩት፣ መጀመሪያ ላይ የሰማነው ዜማ ተቋጭቶ። ሰርቶልኝ ነበር፣ በጣም ያምራል። ሁለቱንም አይነት ለአክስቴ አሳየናት፣ ሙዚቃ ያለበትን አይታ "ጥሩ ነው" አለች፣ ሌላኛውን አይታ ዝም አለች፣ ከዛ "ጨምሪልኝ አላት?" ብላ ጠየቀች፣ እንደገና ልትሰማው ፈልጋ። ሙዚቃው ያቺን "ሪ" ሸፍኗት ነበር። አሁን ማሲንቆው የሚገባው ክሬዲቱ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው እናትየው ስፍሩን አስቀምጣ በእፍኟ ስትዘግን፣ ቆሎው ወረቀቱ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ብቻ ነው።